የፍልሰታ አይስክሬም

ያኔ የምሠራው ሃና ነበር፤ ከጂንካ ወደ ቆላው ወርዶ፣ መኪና በስንት ጊዜ አንዴ የሚገኝበት የወረዳ ከተማ። ልጄ ያደገችው አዲስ አበባ፣ ከእናቷ ጋር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ ነሐሴ ላይ፣ እህቴ ጂንካ ድረስ ይዛልኝ መጣች። ለሦስት ቀን ብቻ። በሦስት ቀን እንድትወደኝ ፈልጌ ነበር፤ አይ ሞኝነቴ!

በሁለተኛው ቀን እህቴ የአልዱባን ገበያ ልየው ብላ ሄደች፤ ብቻችንን ቀረን። ጂንካ ሁለት ዓይነት አይስክሬም ነበር። አንዱን ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አንዲት ሴትዮ በላስቲክ እያሰረች ትሸጠዋለች፤ ስኳርና ቀለም ያለው በረዶ ነው፣ አምስት ብር። ሌላው ከአርባ ምንጭ በመኪና የሚመጣ ነው፤ ካፌ ውስጥ የዚያን አሥር እጥፍ ይሸጣል። ለልጄማ ውዱን ነው እንጂ! ሁለት አዘዝኩ።

ቀመስኩት። መንገድ ላይ ቀልጦ፣ እዚህ መብራት ሲያገኝ እንደገና የጠጠረ ስለሆነ ጥርስ ሥር እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት ለመንገዱ እንጂ ለጣዕሙ አልነበረም። እሷ ግን ጭራሽ አልነካችውም። ማንኪያዋን ይዛ ታየዋለች። መቅለጥ ሲጀምር ተናደድኩ።

«ብይ እንጂ! ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አቀረቀረች። «ፍልሰታ እኮ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ፍልሰታን ሕፃን እንኳ ይጾመዋል። ሃና የከብት አገር ነው፤ ምሳዬም ራቴም ወተት ነበር። የቢሮ ባልደረቦቼ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ጾም ገባ፣ ጾም ወጣ የሚለኝ ሰው የለም። ቀኑ ጠፍቶብኝ ነበር። በጣም አፈርኩ።

ወደ አጥሩ ሄደን ባለ አምስት ብሩን ገዛሁላት። ወተት የለበትም፤ የተሠራውም የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ከንፈሯ እስኪቀላ መጠጠችውና ለእኔም አቀመሰችኝ። ከውዱ በብዙ ይሻላል።

«ጾም ሲገባ ቤት ውስጥ ማን ይነግርዎታል?» አለችኝ። አንቱ ነው የምትለኝ፣ እንደማታውቀው ሰው።

«ማንም።»

ትንሽ አሰበች። «እኔ እደውልልዎታለሁ።»

ቃሏን አላጠፈችም። አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ጾም ሊገባ ሲል ዋዜማውን ስልኬ ይጮኻል። «ነገ ጾም ነው» ትለኛለች፣ ጤንነቴን ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። ሌላ ቀን አትደውልም። እኔም አልደውልላትም፤ ምን ብዬ? ሰው ሁሉ ጾም የሚፈታበትን ቀን ይቆጥራል፤ እኔ የሚገባበትን።