ዝናብ አሰሩ የተባሉት መሪጌታ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን...

ትናንት ሐሙሲት ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት «እናቴ፣ የየት አገር ሰው ነዎት?» አለችኝ። ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ ከጉና ግርጌ ያለውን መንደራችንን ጠራሁላት። መስፈሪያውን አስቀምጣ አየችኝ።

«አባቴን መሪጌታ ተገኘን ያባረሩት እዚያ ነው» አለች።

በርበሬውን ሳልይዝ ተመለስኩ።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። ባሌ በጦርነቱ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ደግሞ ደብረ ታቦር ምሽጉ ውስጥ በድብቅ የጣሊያኖቹን ልብስ አጥብ ነበር። የት ነው የምትሄጂው ሲሉኝ «ጠበል» እላለሁ። ቢታወቅ ባንዳ ተብዬ ቤቴ ይቃጠላል።

በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ እኩሌታ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። ሰማዩ እንደ ጥር ጠራ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሲነጋ ውርጭ ነው። ገብሱ ሳያሸት ቢጫ ሆነ። ምህላ ተያዘ... ምንም የለም።

ምሽጉ ግድግዳ ላይ ክብ፣ ሰዓት የመሰለ፣ አንዲት መርፌ ብቻ ያለችው ነገር ተሰቅሎ ነበር። ጣሊያኑ ሹም ጠዋት ጠዋት መስታወቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ መርፌዋን ያያል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። እሱ ደስ ይለዋል፤ መንገዱ ከደረቀ መኪናው አርበኞቹ ያሉበት ድረስ ይገባለታል።

አንድ ቀን እሷን ስመለከት የሹሙ አስተርጓሚ ደረሰብኝ።

«ምን ታያለሽ? የአየሩን ክብደት ነው የምትናገረው። ከባድ አየር አገሩን እንደ ክዳን ተጭኖታል። ደመና ቀና ማለት አይችልም።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪነሳ ነዋ! ከፈለገ ወር ይተኛል። እናንተ እግዚኦ በሉ... መርፌዋ ካልወረደች ጠብታ አታገኟትም።»

ሳቀብኝ። እኔ ግን የዝናቡን ነገር አወቅሁ። ከመንደሩ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

መንደሩ ደግሞ የራሱን ምክንያት አግኝቷል። መሪጌታ ተገኘ በረዶ የሚመልሱልን ደብተራ ነበሩ። ደመና ሲጠቁር ጉብታው ላይ ቆመው ይደግማሉ፤ በረዶው ሰብላችንን ትቶ ገደል ይገባል ብለን እናምናለን። ያን ዓመት ግን «በረዶውን ሲመልስ ዝናቡንም አብሮ መለሰው» ተባለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር አቆሟቸው። ጭቃ ሹሙ ዕድሜ ልኩን አንቱ ሲላቸው የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን አንተ አላቸው።

«ፍታው!»

«ምኑን ልፍታ ልጄ? እኔ በረዶ እንጂ ዝናብ መቼ አውቃለሁ?»

«ካላወቅህ ያንተ እርሻ ብቻ ለምን ለመለመ?»

«ምንጭ ዳር ነዋ! መርተህ የሰጠኸኝ አንተው አይደለህ?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ባሰበት። መጽሐፋቸውን ከእጃቸው ነጠቀ። ቄሱ «የደብተራ ጽሑፍ አልነካም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ከባሌ ዳዊት ላይ ብቻዬን ፊደል መልመዴን ሁሉም ያውቃል።

«አንቺ፣ ነይ አንብቢ። የዝናብ ማሰሪያ አለበት የለበትም?»

ገለጥኩት። ዳዊት ነው። ከዳዊቱ ቀጥሎ የበረዶ ጸሎት። ዳር ዳሩ ላይ የሚጸልዩላቸው ባለ እርሻዎች ስም ተጽፏል። የባሌም ስም አለ። ከሞተም በኋላ አልሰረዙትም።

«የለበትም» ልል አፌን ከፈትኩ...

«ከሌለበትማ» አለ ጭቃ ሹሙ፣ «ምሽግ የምትመላለስ ሴት አለች ይባላል። መዓቱን ያመጣችብን እሷ ናት። ፈልገን እናወጣታለን!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሳሙና የላጣቸውን ጣቶቼን ከመጽሐፉ ሥር ደበቅሁ። መሪጌታ ግን አዩአቸው። ቀና ብለው እኔን አዩኝ... ገባቸው። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ እሳቸው ይድናሉ፣ እኔ እጠፋለሁ።

«አንብቢ ልጄ፣ አይዞሽ» ብቻ አሉኝ።

«አለበት» አልኩ።

ቀትር ሳይሆን ቤታቸው ፈረሰ። እናት የሌላትን ትንሽ ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው በሐሙሲት መንገድ ቁልቁል ሄዱ። ሰዉ ከኋላቸው ድንጋይ ይወረውር ነበር። እኔም ወረወርኩ። ሰው እያየኝ ነበራ...

በስምንተኛው ቀን ማለዳ ምሽግ ስደርስ መርፌዋ ወርዳለች። ሹሙ ይሳደባል። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። መንደሩ እልል አለ። «ይኸው! እሱ ሲሄድ ተፈታ!» አሉ። ውሸቴ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ።

ሦስት ቀን ቆይቶ በረዶ መጣ። ከድርቁ የተረፈውን ገብስ ከመሬት ጋር አስተኛው። ሰዉ ሁሉ ከየደጁ ወደ ጉብታው ቀና ብሎ አየ... ማንም አልቆመበትም።

መሪጌታ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊታጠቡ ሄደው እዚያው እንዳረፉ ኋላ ሰማሁ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቤቴ ተከራይቶ የነበረ አስተማሪ ትቶት በሄደ መጽሐፍ ላይ ያችን የመርፌ ነገር አገኘኋት። ከባድ አየር አንድ አገር ላይ ተኝቶ ሲቆይ ዝናብ አምጪውን ነፋስ ይመልሳል፣ ደመናውን ያጠፋል፣ ቀኑን ያነዳል፣ ማለዳውን ውርጭ ያደርጋል ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። የደብተራ ስም የትም የለበትም።

ይህን የጻፍኩትን የሚቀበለው ሌላ ሰው አይደለም፤ አንቺ ነሽ፣ በርበሬ ሻጯ፣ የመሪጌታ ተገኘ ልጅ። ለሚመጣው ገበያ ይዤልሽ እመጣለሁ። ማንበብ ካልቻልሽ እኔው አነብልሻለሁ... አሁን እንኳ የተጻፈውን ብቻ።