በአቶ ዘለቀ መዝገብ ቤት

በአቶ ዘለቀ የጥብቅና ቢሮ ታይፒስት ሆኜ የገባሁት በደርግ ዘመን፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ቢሮው ጉለሌ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ የኪራይ ውል ሰጡኝና በካርቦን መታሁት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው አነበቡና መለሱልኝ።

«ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?» አልኩ።

«አራተኛው መስመር ላይ ‹ተከራይ› ማለት ሲገባሽ ‹አከራይ› ብለሻል። በአንዲት ፊደል ቤቱን ለተከራዩ ሰጠሽው።»

አልተቆጡም። እንደገና መታሁት።

ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤቱን አሳዩኝ። ከወለል እስከ ኮርኒስ በሲባጎ የታሰረ ፋይል ነው። ቢሮውን የከፈቱት አባታቸው ናቸው፤ ጠበቃ ነገረ ፈጅ በሚባልበት ጊዜ። ቆዳ ነጋዴው፣ ቡና ላኪው፣ ባለወፍጮው ሁሉ ውሉን እዚያ አስጽፎ አንዱን ቅጂ በአደራ ትቶ ሄዷል። የአባትየው የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ። ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

እኔ ስገባ ትልልቆቹ ድርጅቶች ተወርሰው ደንበኛ ሳስቶ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አቶ ጩማ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ከባልደረቦቻቸው ጋር መጡ። የሚሠሩት በአንድ ጨርቅ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ነው። ነጋዴው ሲወረስ፣ ንብረት መዝጋቢዎች መጋዘኑ ውስጥ ያገኙትን የሽመና ዕቃ በሙሉ የድርጅቱ ብለው ጻፉት። በሳምንቱ ሊጭኑት ነው።

«ዕቃው የአባቶቻችን ነው» አሉ አቶ ጩማ። «ግን ወረቀት የለንም። ማን ያምነናል?»

አቶ ዘለቀ «ወረቀት አለ» አሉ። «አባቴ ጽፎታል።»

መሰላል ላይ ወጣሁ። እሳቸው ከታች ቆመው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ከመስኮቱ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከላይ ሁለተኛው እስር» አሉኝ። እዚያው ነበር። ውሉ መጋዘኑ የነጋዴው፣ የሽመና ዕቃው የሸማኔዎቹ መሆኑን ይናገራል። ከአሻራዎቹ አጠገብ ያሉትን ስሞች አነበብኩላቸው። አራተኛው ላይ ስደርስ አቶ ጩማ «አባቴ ነው» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ችግሩ ሌላ ነበር። የተወረሱ ድርጅቶች ሰነድ ሁሉ ለመንግሥት ይሰጥ ተብሏል።

«ጋሼ፣ ይህን ይዘው ከቀረቡ ሰነድ ደብቀሃል ይሉዎታል» አልኳቸው።

«ሊሉ ይችላሉ። ግልባጩን ምቺልኝ።»

በማግስቱ ፋይሉን ይዤ ወደ ንብረት መዝጋቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ተከተልኳቸው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«እኔ ዘንድ። አደራ ነው።»

«ለምን አላስረከቡም?»

«የሁለት ወገን ሰነድ ነው። ነጋዴውን ወርሳችኋል፤ ሸማኔዎቹን ግን አልወረሳችሁም። አዋጁም የሠራተኛውን መሣሪያ ውረሱ አይልም።»

የእሳቸው ድምፅ ያው ስለ ፊደሉ ሲነግሩኝ የነበረው ድምፅ ነው። ኃላፊው ብዕሩን አነሣ።

«ዕቃቸውን ይውሰዱ» አለ። «እርስዎ ግን እዚህ ይቆያሉ።»

ዘጠኝ ቀን ታሰሩ። በሦስተኛው ቀን የጭነት መኪና መጥቶ መዝገብ ቤቱን ጠራርጎ ወሰደ። ሸማኔዎቹ ተራ ገብተው ስንቅ አመላለሱላቸው።

ሲፈቱ ጢማቸው አድጎ፣ ከስተው መጡ። ባዶውን መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር አዩት። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና «ወረቀት አስገቢ» አሉኝ።

ከዚያ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀመሩ። የፋይሉን ቁጥር፣ የተዋዋዮቹን ስም፣ የውሉን ዓይነት በቃላቸው እየነገሩኝ መታሁ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። አንዳንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ሰው ይህን ሁሉ በራሱ ውስጥ ይዞ በመንገድ ላይ እንደ ማንም ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ግማሽ ያህሉ ፋይል ተመለሰልን። እየፈታሁ ከዝርዝሩ ጋር አመሳከርኩ። ከተመለሰው ውስጥ ዝርዝሩ ላይ ያልነበረ አንድም አላገኘሁም። ላልተመለሰው፣ ባለቤቶቹ ሲመጡ ስማቸውን ከዝርዝሩ እያወጣን ማስረጃ ጻፍንላቸው።

ቢሮ ለምትከፍቱ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ በአደራ የተቀበላችሁትን ሰነድ በዚያው ቀን ዘርዝራችሁ ጻፉ፣ አንዱንም ቅጂ ሌላ ቤት አኑሩ። አቶ ዘለቀን የመሰለ ሰው በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሁለተኛ አላጋጠመኝም።