ወደ ውስጥ የምትሳብ «አዎ»

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ አንድ ሃይስኩል ሥራ በጀመርኩበት ቀን ማዕረግህ «የቤተሰብ አገናኝ» ነው ተባልኩ። በአገራችን አገናኝ ማለት ደላላ ነውና፣ እናቴ ብትሰማ ቤት የማከራይ ይመስላታል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሥራው የአዲስ መጤ ልጆችን ወላጆች ከትምህርት ቤቱ ጋር ማነጋገር፣ መተርጎም፣ ልጅ ሲከሰስ አጠገቡ መቀመጥ ነበር። ሁሉም «ሚስተር ወልዴ» ይሉኛል። ወልዴ አባቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ እዚያ ያበላሸሁት ሁሉ በእሱ ስም ተመዝግቧል።

ቢሮ የተጋራሁት ከሎሬታ ጋር ነው። የናቫሆ ተወላጅ ናት፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ልጆች ጉዳይ የምትይዘው እሷ ነበረች። ወንበሩ አንድ ስለሆነ ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል። እኔ አርፋጅ ነኝና አብዛኛውን ዘመኔን ቆሜ ሠራሁ።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሂሩት የምትባል አዲስ ተማሪ አስም አለባት ብላ ወደ ነርሷ ላከቻት። ሮጬ ብሄድ ልጅቷ ደህና ናት። ሲያናግሯት ትንፋሿን ሳብ አድርጋ «ኧህ» ትላለች፣ እንደ ማናችንም። ነርሷ ትጠይቃለች፤ ሂሩት «ኧህ» ትላለች፤ ነርሷ ትደነግጣለች። ከሳቄ ብዛት እኔም ልመረመር ምንም አልቀረኝ።

ፕሪንሲፓሏ ቅን ሴት ነበረች። የልጆቹን ባህል የሚያውቅ ትምህርት ቤት መምራት ትፈልጋለች፤ ስለ «ኧህ» ጠየቀችኝ። «አዎ ማለት ነው፤ ደግሞም እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው» ብዬ አስረዳኋት። ብዙም ሳይቆይ የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ትንፋሽ ሲስቡ አዎ ማለታቸው ነው።»

«ግማሹ የት ሄደ?» አልኳት።

«ሚስተር ወልዴ፣ አስተማሪ ከአንድ መስመር በላይ አያነብም።»

ሎሬታ ወረቀቱን አይታ አልሳቀችም። «ለእኛም ለጥፈውልን ነበር፤ የእኛ ልጆች ዝም ሲሉ አክብሮት ነው የሚል» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ ልጅ አሞት ዝም ቢል፣ ምን ሆንክ የሚለው ጠፋ።»

ጸደይ ላይ ፕሪንሲፓሏ ስለ ባህላችን ንግግር እንዳደርግ ሳንሆዜ ወዳለ ትምህርት ቤት ላከችኝ። ከረባት አስሬ፣ ትልቅ ሰው መስዬ ሄድኩ። በዚያው ዕለት እኛ ጋ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ቆሻሻ መጣያው ተቃጠለ። ሂሩት ከዚያ ስትወጣ ታይታለች። ምክትል ፕሪንሲፓሉ እኔን ሳይጠብቅ ቢሮው ጠራት።

«መጸዳጃ ቤት ነበርሽ?»

«ኧህ።»

«እሳቱን አይተሻል?»

«ኧህ።»

«የለኮስሽው አንቺ ነሽ?»

«ኧህ።»

ስመለስ ፕሪንሲፓሏ በር ላይ ጠበቀችኝ። «በገዛ ቋንቋዋ አመነች። እኛም አክብረን ሰማናት» አለችኝ።

መባረሯን የሚወስነው፣ ሂሪንግ የሚሉት ስብሰባ ላይ ሂሩት «አይ ዲድ ኖት» አለች፤ በግልጽ። ምክትሉ ያኔ አምና አሁን መካዷ ነው አለ። ወረቀቱንም ከግድግዳው ነቅሎ አምጥቶታል። «ይሄ የእርስዎ ትምህርት አይደለም?»

«ግማሹ የእኔ ነው» አልኩ።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «አዎ ነው ወይስ አዎ አይደለም?»

«ሁለቱም ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ እውነት ተናግሬ እንደዚያ ውሸታም መስዬ አላውቅም። አባረሯት።

እናቷ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ጽዳት ትሠራለች፤ ከፈረቃ ወጥታ በዩኒፎርሟ ነበር የመጣችው። ውሳኔውን የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ አሁን ማንን ልለምን?» አለችኝ። ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያልቅብኝ ሰውዬ ቦርሳዋን ተሸክሜ ሸኘኋቸው።

ፓርኪንጉ ላይ ሂሩትን «ለምን ወዲያው አይደለሁም አላልሽውም?» አልኳት።

«እንዴ፣ ጋሼ! ትልቅ ሰው እያወራ ላቋርጠው? እስኪጨርስ እየጠበቅኩ ነበር እኮ። ሲጨርስ ጽፎ በሩን ከፈተልኝ።»

የተባረሩ ልጆች የሚማሩበት ቦታ መደቧት። ጥቂት ሄደችና ተወችው። በኋላ ኤመሪቪል አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ካርቶን ስትደረድር አገኘኋት። አቀፈችኝ፤ ስለ ትምህርት ግን አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ይህን ሥራ ለያዛችሁት የምነግራችሁ ይሄ ነው። ልጅ ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ ዝም በሉ። መልሱን በቃል ሳይናገር አትጻፉ። አስተርጓሚ ከሌለ ቀጠሮውን አዛውሩ።