ለሄሊኮፕተር የተነጠፈ ቅጠል

ባለፈው ሐሙስ ሆሳዕና ውስጥ ለአዲስ በጎ ፈቃደኞች በሚሰጥ ስልጠና ላይ የታደሰውን የደኅንነት መመሪያ እንዳነብ ተጠራሁ። የተጠራሁት ከሌላው የተሻለ ስለማውቅ አይመስለኝም። አስተባባሪዋ ጉሮሮዋን ታማ ነበር፤ ከፊት ከተቀመጥነው መካከል ደግሞ መነጽር ይዞ የመጣ ከእኔ በቀር አልነበረም። ሃያ ምናምን ዓመት ያስተማረ ሰው ወረቀት ሲሰጡት እምቢ ማለት አይሆንለትም። ተነሥቼ ጀመርኩ።

መመሪያው ብዙም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። መንገድ ሲቆረጥ በበጎ ፈቃድ የሚያበሩ አብራሪዎች ሕመምተኛ ሊያነሡ ወደ ገጠር ይመጣሉ፤ ታች ያለነው ሜዳውን እንዴት እንደምናዘጋጅላቸው የሚናገር ነው። በየጊዜው ይታደሳል፤ አንዳንዱ ቁጥር ይሰረዛል፣ አንዳንዱ ይጨመራል። ወጣቶቹ ግማሽ ጆሯቸውን ለእኔ፣ ግማሹን ለስልካቸው ሰጥተው ያዳምጣሉ። ሰባተኛው ቁጥር ላይ ደረስኩ። «በማረፊያው ላይ ሣር፣ ጭድ ወይም የእንሰት ቅጠል ማንጠፍ ክልክል ነው» ይላል።

ከዶዮገና የመጣች አንዲት ወጣት እጇን ሳታወጣ፣ «ጋሼ፣ ለሄሊኮፕተር ቅጠል የሚያነጥፍ ማን ነው?» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ስምንተኛው ቁጥር ልሻገር ስል ግን መስመሩ ጠፋብኝ። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት፤ መልሼ አደረግሁት፤ አሁንም አልታየኝ አለ። አጠገቤ ለነበረው ሰው ወረቀቱን ሰጥቼ ውሃ ልጠጣ በሚል ሰበብ ወጣሁ።

ቅጠሉን ያነጠፈውን ሰው ዐውቀዋለሁ። አባቴ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጊምቢቹ በታች፣ ከወንዙ ማዶ ባለችው መንደራችን ማስተማር ከጀመርኩ ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም። በጋ ላይ ከየመንደሩ ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች ተመልምለው ሆሳዕና ለሦስት ቀን ሰለጠኑ፤ ከእኛ መንደር የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ያሰለጠነን አብራሪው ራሱ ነው። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት የጀመረው ረጅም የአዲስ አበባ ሰው ሲሆን ሁላችንም ካፒቴን እንለው ነበር። እንጀራው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው የዓመት ፈቃዱን እየወሰደ ነው። ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ወረቀቱን ሲያነሣ ግን ፊቱ ይለወጣል።

«እዚህ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ደርሶ ነው የተጻፈው» ይለን ነበር። «ዝም ብሎ የገባ የለም።»

በዚያ ጊዜ የሜዳውን አራት ማዕዘን በነጭ ጨርቅ ምልክት አድርገን ድንጋይ እንጭንበት ነበር። መንደራችን ይህን ወደደችው። እንግዳ ሲመጣ ባዶ መሬት አይጠብቀውም፤ አንድ ነገር ይነጠፍለታል። ለልምምድ ጨርቅ ስንፈልግ ሴቶቹ ለእሑድ የሚለብሱትን ነጠላ ሳይቀር አምጥተው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ እንደገና ሆሳዕና ተጠራን። መመሪያው ታድሷል ተባለ። አንድ ሌላ ቦታ ጨርቅ ከድንጋዩ ሥር አምልጦ ከሄሊኮፕተሩ ተሽከርካሪ ክንፍ ጋር ሊጠላለፍ ለጥቂት ተርፏል፤ ስለዚህ ከአሁን በኋላ ጨርቅ ቀርቶ በአመድ ይሰመራል። አዲሱ ቁጥር እንዲህ ይል ነበር፤ «በነፋስ ሊነሣ የሚችል ማንኛውም ነገር በሜዳው ላይ አይኑር፤ ለምሳሌ ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ ወረቀት፣ ጃንጥላ፣ ባርኔጣ።» ግማሽ ቀን ተማርን። ምሳ ቆጮ በጎመንና በአይብ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ከትምህርቱ ይልቅ ቆጮውን አስታውሰዋለሁ። ቀጭን ነበር፤ ዳር ዳሩ ትንሽ አሮ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሕዝቡ እንዲቆይልኝ ጠየቅሁና ቆመው አዳመጡኝ። ወረቀቱ በአማርኛ ነው፤ እኔ ወደ ሀዲይኛ እመልሳለሁ። ከወንዙ በኩል ዝናብ እየመጣ ነበር። እናቶች ያሰጡትን እህል እያሰቡ ወደ ሰማይ ያያሉ፤ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ። ቸኮልኩ። የዓረፍተ ነገሩን ራስ ቆርጬ ዝርዝሩን ብቻ ነገርኳቸው፤ ጨርቅ የለም፣ ላስቲክ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ጃንጥላ የለም፣ ባርኔጣ የለም። አባቴ ከፊት ቆሞ በጣቶቹ እየቆጠረ ደገመው። አንዱንም አልሳተም። ኩራት ተሰማኝ፤ በደንብ አስተማርኩ ብዬ ተደስቼ እየሮጥኩ ወደ ቤት ገባሁ።

እኅቴ አልማዝ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እዚያው መንደር፣ ከቁልቁለቱ በታች ለታደሰ ተድራ ስድስት ዓመት ልጅ ስትጠብቅ ኖራ ነበር። ነሐሴ ላይ ምጥ ያዛት። አንድ ቀን ሆነ፤ ሁለተኛው ቀን መጣ። የጤና ረዳቷ አልማዝን ስታያት ቆይታ ወጣችና እጇን እየታጠበች፣ «ይህ የእኔ አቅም አይደለም፤ ዛሬ ነገ ሳይባል ሆስፒታል መድረስ አለባት» አለችን። ወደ ጊምቢቹ የሚወስደውን ድልድይ ወንዙ ከወሰደው ሳምንት አልፎታል። በላይኛው ድልድይ ዞሮ በቃሬዛ መሄድ ይቻላል፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ቀበሌው ጋ የነበረውን የመገናኛ ሬዲዮ ይዤ ተጣራሁ። መልሱ ደስ የሚል ነበር፤ ደመናው ከተገለጠ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንመጣለን፤ ሜዳውን አዘጋጁ።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ታየ። ቦታዬ ሜዳው ነበር። መመሪያው የሰለጠነው ሰው ከሜዳው አይለይም ይላል። ነገር ግን አልማዝ ማርቆስን ጥሩልኝ ብላ ወደ እኔ ላከች። አባቴ የእኔን ማመንታት አየና፣ «ሂድ፣ አምጣት። ሜዳውን ለእኔ ተወው። አመዱን አሰምራለሁ፤ ያልካቸውን አምስቱንም ዐውቃቸዋለሁ» አለኝ። ሄድኩ።

ቃሬዛውን አራት ሆነን አነሣን። እናቴ ለአራስ ያስቀመጠችውን ቡላ ቋጥራ ከኋላ ትከተላለች። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ አንድ እርምጃ ወጥተን ግማሹን እንንሸራተታለን። አልማዝ ምጡ ፋታ ሲሰጣት እጄን ይዛ፣ «ማርቆስ፣ ስልጠናውን አንተ ወሰድክ፣ መብረሩን ግን እኔ ቀደምኩህ» አለችኝ። ታደሰ ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ዳገቱን ጨርሰን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ብቅ ስንል ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን።

የእንሰት ቅጠል ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ፣ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ተነጥፏል። ዙሪያውን አመዱ ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። ሰዉ በሙሉ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጃንጥላ የያዘ የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አውልቀው በአንድ ቤት አስቀምጠዋል። አባቴ ማጭዱን በእጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ቅጠሉን የቆረጠው ከራሱ ጓሮ ነበር፤ በክረምት ማንም የማይነካቸውን ትልልቆቹን ሳይቀር ቆርጧቸው ነበር።

«አንድ ጨርቅ የለም» አለኝ። «እንዳልከው ነው። እንግዳው በጭቃ ላይ አይረፍ ብዬ፤ እሷንም በጭቃ እንዳንጎትታት።»

አባዬ ይህ ልክ አይደለም ለማለት አፌን ስከፍት የሞተሩ ድምፅ ተሰማ። ሰዉ እልል አለ። ቃሬዛውን አወረድንና ወደ ሜዳው ሮጥኩ፤ «አንሡት! ቅጠሉን አንሡት!» እያልኩ ጮኽኩ። ገና ነጋ ሲል ጀምረው ያነጠፉትን ለምን እንደማስነሣቸው የገባው አልነበረም። አንዳንዶቹ በደስታ ያበድኩ መሰላቸው። እየጎተትኩ መጣል ጀመርኩ፤ ታደሰ ረዳኝ፤ የጤና ረዳቷም መጣች። ከአንድ ጥግ ትንሽ አጸዳን።

ሄሊኮፕተሩ ዝቅ ሲል የዳሩ ቅጠል ቀና አለ። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሜዳው ከነቅጠሉ ተነሣ። ያን የሚያህል ርጥብ ቅጠል ወደ ላይ ይወጣል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም፤ ወጣ። ካፒቴኑን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። እጁን ወደ ጎን አወዛወዘ፤ ጥረጉ ማለቱ ነው፤ ተመልሶም ከፍ አለ። ሁለት ጊዜ ከላያችን ዞረ። እኛ በጉልበታችን ጭቃው ላይ ተንበርክከን በሁለት እጃችን እንሰበስባለን፤ የተቀረው ሰውም አሁን ነገሩ ገብቶት ወደ ሜዳው ገባ። ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር ደመናው ከወንዙ በኩል እየተሳበ መጥቶ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ፣ ከዚያ እኛን ሸፈነን። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ከላያችን ነበር። ከዚያ ራቀ። ሜዳው ያኔ ጸድቶ ነበር።

አባቴ ወደ ሰማይ እያየ፣ «ደመናው» አለ። «ደመናው ከለከለው።»

«አዎ፣ ደመናው ነው» አልኩት።

በላይኛው ድልድይ ዞረን ወሰድናት። ስምንት ሰዎች እየተቀባበልን ስንሄድ ጊምቢቹ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሆሳዕና ሄደች። እኅቴ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ ሕይወቱ ግን ቀድሞ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልወለደችም። እናቴ የቋጠረችው ቡላ ተገንፍቶ በቅቤ ቀረበላት። ልጅ ሳትይዝ የአራስ ገንፎ በላች፤ እያለቀሰች ዋጠችው፤ እናቴም እያለቀሰች አጎረሰቻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ መግባትም መሄድም አልቻልኩም።

ካፒቴኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ በመኪናና በእግር መንደራችን ድረስ መጣ። አባቴ በቤቱ ተቀበለው። ወንበር ከሰጠው በኋላ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ያን ቀን ደመናው ነው አይደል የመለሰህ?» ብሎ ጠየቀው። ካፒቴኑ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አዎ አባባ» አለ ካፒቴኑ። «ደመናው ነው።»

ስሸኘው መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዝናቡን፣ መቸኮሌን፣ ቆርጬ የተውኩትን የዓረፍተ ነገር ራስ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብወርድ ኖሮ ሁላችሁም ታልቁ ነበር አለኝና ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። በሚቀጥለው እድሳት ላይ አዲስ ቁጥር ተጨመረ።

ሐሙስ ዕለት ከአዳራሹ ወጥቼ ቀጥታ አልማዝ ዘንድ ሄድኩ። ታደሰ ካረፈ ወዲህ ሆሳዕና ነው የምትኖረው። በሯ ላይ ተቀምጣ የበቆሎ እሸት ትፈለፍል ነበር። ስለሳቁት ልጆች ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ የቅጠሉን ነገር ከእሷ ጋር አንሥተን አናውቅም ነበር። ቃሬዛ ላይ ሆና በሥቃይ ውስጥ ምንም አላየችም ብዬ ነበር የማስበው፤ አባቴም ደመናውን እንዳመነ የሞተ ይመስለኝ ነበር።

«ማርቆስ» አለችኝ፣ «እኔኮ በጀርባዬ ነበር የተኛሁት። ከሰማይ ሌላ ምን አያለሁ? ቅጠሉ ሲነሣ ሁሉንም አየሁት።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አባዬ ሊያርፍ ሰሞን ጠይቆኛል» ብላ ቀጠለች፤ እጇ ከበቆሎው አልተነሣም። «ብቻችንን ስንሆን፣ ልጄ፣ ደመናው ነበር? አለኝ። ደመናው ነው አልኩት። ፈገግ አለና፣ አንቺም እንደ ወንድምሽ ነሽ፤ እንደዚያ እንደ ካፒቴኑም አለኝ።»

ለካ ያውቅ ኖሯል። ከዚያ ክረምት በኋላ አባቴ ለእንግዳ ቅጠል ሲያነጥፍ አይቼው አላውቅም፤ ሰው ሲመጣ ወንበር አምጡ ይል ነበር። ያረጀ ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓመት በአንድ ገበታ ስንበላ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ ልነግረው እችል ነበር። ደመናው ስለው ቀለል ያለው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። አሁን የምነግረው ሰው የለም።

የዶዮገናዋ ልጅ ቁጥሬን ከአስተባባሪዋ ወስዳ ትናንት መልእክት ላከችልኝ። በትሕትና ነው የጻፈችው፤ ሳቃችን ካስቀየመዎት ይቅርታ፣ ግን ጥያቄዬን አልመለሱልኝም፣ እውነት የሚያነጥፈው ማን ነው ትላለች። ብዙ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ አንድ መስመር ቀረኝ፤ «ጨርቅ አታንጥፍ ተብሎ ጨርቅ ያላነጠፈ ሰው።» ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስካሁን አልላክሁትም።