ጠበል አይተፋም

ልጄ የጁጂትሱ ቦርሳውን መኪና ውስጥ ሲከፍት፣ ያ በላብ ርሶ የከረመ ልብስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው አፌን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ።

በእሱ ዕድሜ ሳለሁ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ትምህርት ቤቴ ሬስሊንግ የሚሉትን ትግል እታገል ነበር፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ እናቴ ለጁጂትሱ አሌክሳንድሪያ ትወስደኝ ነበር። ሬስሊንግ ላይ ጀርባህ ምንጣፍ ከነካ አለቀልህ። ጁጂትሱ ግን በጀርባህ ተኝተህ ታገል ይልሃል። አንድ ቀን እንደዚያ ተኝቼ፣ ደረቱ ጠጉራም የሆነ ጎልማሳ ላዬ ላይ ተዘርግቶ፣ አየር ፍለጋ አፌን ብከፍት ከአገጩ የተንጠለጠለው ላብ ጠብ ብሎ ጉሮሮዬ ገባ። ለብ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ነበር።

ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ እናቴ ደግሞ በጾም አትቀልድም። መኪና ውስጥ እንደገባሁ፣ "እማ፣ የአንድ ሰውዬ ላብ አፌ ገባ፤ ፍስክ ነው እንዴ?" አልኳት።

"ሰው ሥጋ አይደል? ፍስክ ነው እንጂ!" ብላ ከወንበሯ ስር የጠበል ጠርሙሷን አወጣች። "በል ተጉመጥመጥ።"

ጉንጬን ሞልቼ አፌን አጠብኩና ልተፋ መስኮቱን ስከፍት ጮኸችብኝ፤

"ጠበል አይተፋም! ዋጠው!"

ከነላቡ ዋጥኩት። እሷ አማተበችና፣ "ለሰውዬውም ፈውስ ይሁነው" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እኔ የተሰማኝ ሰውዬው ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ብቻ ነው።

"ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?" ይለኛል ልጄ፣ ልብሱን ወደ እኔ እያራገፈ።

ለመመለስ አፌን መክፈት ሊኖርብኝ ነው።