ሦስተኛው ፊርማ

በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠር ዕውቀት ብቻውን አይበቃም ነበር። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ቀበሌው ደግሞ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሦስት ጎረቤቶች «እናውቀዋለን፣ ጠባዩ መልካም ነው» ብለው ሲፈርሙ ነው። እኔ ያኔ የፍልስፍና መምህር ነበርኩ፤ የቅጥር ኮሚቴው አባልም። ለጀማሪ መምህርነት ከተወዳደሩት አንዱ መካኒሳ ሰፈር፣ ከአጥሬ ጀርባ አክስቱ ቤት የሚኖር ወጣት ነበር።

የሙከራ ትምህርቱን ዛሬም አልረሳውም። ሌሎቹ የዘመኑን ጥቅስ ደርድረው ሲወጡ፣ እሱ ጠመኔውን አስቀምጦ «የሌላ ሰው ጥርስ ማመሙን በምን እናውቃለን?» አለን። ያን ቀን የሰብሳቢያችን ጉንጭ በጥርስ ሕመም አብጦ ስለነበር ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አፋችንን ከፍተን አዳመጥነው። በሙሉ ድምፅ መረጥነው። የቀረው የቀበሌው ወረቀት ብቻ ነበር፤ ለእሱም ዐሥር ቀን ተሰጠው።

እሁድ ጠዋት ጓሮዬን ስኮተኩት መጣ። ሁለት ሰዎች ፈርመውለታል።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው እርስዎ ይሁኑልኝ» አለኝ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ።

ልጁ ጴንጤ ነው። እነሱ ቤት መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሲዘመር ከአጥሩ ወዲህ ይሰማኛል። በዚያ ሰሞን ደግሞ በዚሁ ምክንያት የታሰሩ ነበሩ። እሱም ቢያዝ «ማን ፈረመለት?» መባሉ አይቀርም። ፈራሁ። ፈራሁ ለማለት አፈርኩና፣ ፈላስፋ ምክንያት አያጣምና፣ ደንብ ፈጠርኩ።

«እኔ እኮ የኮሚቴ አባል ነኝ። ራሴ መርጬህ ራሴ ብፈርምልህ አድልዎ ይሆናል። ደንቡ አይፈቅድም።»

እንዲህ የሚል ደንብ አልነበረም። እሱ ግን «ልክ ነዎት ጋሼ፤ ሳላስበው ነው» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ይቅርታውን ተቀብዬ እስከ በር ሸኘሁት። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ፊቴ ይግላል።

ሌላ ፈራሚ ፈልጎ አጣ። ዐሥሩ ቀን አለፈና ቦታው ጥቅስ ከደረደሩት ለአንዱ ተሰጠ፤ ያ ሰው ተማሪዎቹን ለዓመታት ሲያስተኛቸው ኖረ። የእኛ ልጅ ላፍቶ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ቀረ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው መካኒሳ ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። ዐሥር ዓመት የማይሞላት ሴት ልጁን ይዟል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና ወደ ልጅቷ ዞረ።

«የነገርኩሽ ሰው እሳቸው ናቸው። ጎረቤታቸው ሆኜ እንኳ ከደንብ ንቅንቅ አላሉም። እንደሳቸው ሁኚ።»

ልጅቷ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም» አልኩ በልቤ፣ ታክሲውም መጣልኝ።