አባቴና ወንድሜ ሪንግ ውስጥ ቢገናኙ

የቦክስ ወሬ ሲጀመር እኔ ተነሥቼ እወጣለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሰው ጓንት አጥልቆ ብቅ ሲል "እማዬ፣ መጡልሽ!" ይሉኛል። ይሳቁ፣ ምን አውቀው! እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ግን ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ፤ ሳልጨርስ ብነሣ ደግሞ መቼም አልመለስበትም።

በደርግ ጊዜ ቦሌ ነበርን፣ ዛሬ ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ወረድ ብሎ። የቀበሌያችን ክበብ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ ጢማቸውን ያንዠረገጉ ፈረንጆች ተሰቅለዋል፤ አንድ ጥግ ካራምቡላ፣ አንድ ጥግ ድራፍት፣ በሩ አጠገብ ደግሞ የእኔ ሻይ ቤት። ቀበሌው ነበር የቀጠረኝ። እሑድ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው የኅብረት ሱቁ ስኳር ሲያምረው ይቀራል። ስብሰባው ሲያልቅ ወንዶቹ መፈክር ሲጮኹ የደረቀ ጉሮሯቸውን ይዘው ወደ እኛ ይገባሉ።

ገብተውስ ምን ያውሩ? ስለ ጦርነቱ አይወራ። ስለ ኑሮ አይወራ። ማን ታፈሰ፣ ማን ጠፋ፣ ጭራሽ አይነሣም። ኳስም ያጣላል። ስለዚህ ቦክስ ያወራሉ፣ ያውም የሞቱና ያረጁ ቦክሰኞችን ከዛሬዎቹ ጋር ያጋጥማሉ። ያ አፉ የማያርፈው አሜሪካዊ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከነበረው ዝምተኛ ጋር ቢገናኝ ማን ያሸንፋል? የጃንሆይ ጊዜው ቡጢኛችን ዛሬ ወጣት ሆኖ ቢመለስ የአሁኖቹን ልጆች ይችላቸዋል? በዚህ ጉዳይ ሰው ሲተናነቅ አይቻለሁ። የሞተ ቦክሰኛ ማንንም አያሳስርም፤ ስለዚህ ልባቸው እስኪወልቅ ይከራከሩበት ነበር።

ዳኛው አባቴ ነው። በጃንሆይ ጦር ውስጥ ቡጢኛ ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ነው የሚሉት። አፍንጫው ወደ ግራ የዞረችው በዚያ ዘመን ነው። ግጥሚያ ሲቀርብለት መጀመሪያ ከእኔ ሁለት ባዶ የሻይ ብርጭቆ ይወስዳል፣ አንዱ አንዱን ቦክሰኛ ይሆናል። ከዚያ መጠየቅ ነው። በየትኛው ጓንት? በድሮው የፈረስ ጭራ በተሞላው ወይስ በዛሬው? ዙሩ ስንት ነው? ሰውዬው ከማን ጋር ተጋጥሞ ነው የመጣ? ይሄን ሁሉ ሳይጨርስ አይፈርድም። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ እያዞረ ዙር በዙር ይተርክላቸዋል። ስንቱን ብርጭቆ ሰብሮብኝ ከቀበሌው ጋር አጨቃጭቆኛል መሰላችሁ!

ይሉኝታ የሚባል ነገር ግን አያውቅም፣ በዚህ ነገር ላይ። አንዴ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የአብዮቱን ዘመን ወጣት ሻምፒዮን ከጃንሆይ ጊዜው ጋር አጋጥሙልኝ አለ። ሁሉም ምን ቢባል እንደሚሻል ያውቃል። አባቴ ብርጭቆዎቹን አየና "ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ ጎበዝ ነው፤ አራተኛው ዙር ላይ ግን ይወድቃል" አለው። እኔ የያዝኩት ማንቆርቆሪያ ሊያመልጠኝ ነበር። ሊቀመንበሩ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየውና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በቦክስ ነገር ያለው እንደ መሐላ ተቆጠረ፤ ማንም አይጠራጠረውም።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ረጅም፣ ክንዱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የሚመስል ልጅ። ከቀበሌው በላይ ባለው በከፍተኛው ቡድን ውስጥ ቦክስ ይጫወት ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅና ቀበሌው ኮታ ሙላ ሲባል እናቴ አንድ ቀን ቁጭ ብላ ወሰነች፤ ልጄ ታሟል አለች። አስም ነው አለች። በእድር ተናገረች፣ በዳቦ ሰልፍ ተናገረች፣ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ እያለቀሰች ተናገረች። ወንድሜ ቦክሱን ተወ። በቦሌ ፀሐይ ወፍራም ሹራብ ለብሶ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ይሄድ ጀመር። በየደጁ ይስላል። ሊቀመንበሩም "የታመመ ወታደር ምን ይሠራልኛል" ብሎ ተወው። የእሱ እኩዮች ተራ በተራ በመኪና ተጭነው ሄዱ፤ እሱ ቀረ። የቤታችን ሐሳብ ሁሉ ያ ልጅ እንደታመመ እንዲቆይ ብቻ ነበር።

ጤነኛ ሰው ግን ሲታመም ቢውል ያብዳል። ወንድሜም ሊያብድ ደረሰ። አባቴ አየውና ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ጆንያ ሙሉ ብጥስጣሽ ጨርቅ ሰቀለለት። እናቴ "ልታስገድሉት ነው!" ብላ ጮኸች፤ አልሰሟትም። ጎረቤት ድምፅ እንዳይሰማ አውሮፕላን ሲመጣ ብቻ ነበር የሚመታው። ከላይ ጉርምርምታው ሲጀምር አባቴ "አሁን!" ይላል፤ ልጁ ይወርድበታል፤ አውሮፕላኑ ሲያልፍ ያቆማል። ሁለቱ ላብ በላብ ሆነው በዝምታ የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። አባቴ ጎበዝ ብሎት አያውቅም። "እጅህን አንሣ" ነው፣ "እንደገና" ነው፣ ሌላ ቃል የለውም።

እሑድ እሑድ ወንድሜ ክበብ መጥቶ እኔ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፤ መታመሙ መታየት አለበታ! ወንዶቹ አይምሩትም። "ሃምሳ አለቃ፣ ከእርስዎ ጉልበት ይሄ ይወጣል?" ይላሉ። አባቴም አብሮ መሳቅ አለበት። "እሱማ እፍ ቢሉት ይወድቃል" ይላል፣ ሰው ይንከተከታል። የወንድሜ ጆሮ በርበሬ ይመስላል። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ "እታለም፣ ከልቡ ነው እንዴ እንደዚያ የሚለው?" አለኝ። "አንተ ጅል! ላንተው ብሎ አይደለም?" አልኩት። "ሰርቪስ ቤት ውስጥስ ማን ሰምቶት ነው ዝም የሚለኝ?" አለኝ። ሃያ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ ነው፣ አባቱ አንዲት ደግ ቃል እንዲጥልለት ነበር የሚለምነው። አንጀቴን በላው።

ያ ነገር የሆነው ክረምት ሊገባ ሲል በአንዲት እሑድ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ሰው መውጫ አጥቶ ክበቡ ሙሉ ነው። የሞቱት ቦክሰኞች ሁሉ ተጋጥመው አልቀዋል። አንድ የታክሲ ሾፌር፣ የሰፈራችን ቀልደኛ፣ ተነሣና "ዛሬ አዲስ ግጥሚያ አለኝ! ሃምሳ አለቃ በጎረምሳነታቸው ከዚህ ከልጃቸው ጋር!" አለ። ክበቡ በሳቅ ተናጋ። "ከነሹራቡ ይግባ!" ይላል አንዱ። "ደወሉ ሳይደወል ይወድቃል!" ይላል ሌላው። አባቴም እየሳቀ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፣ ብርጭቆዎቹን ሰጠሁት።

ወንድሜ ብድግ አለ። ሊወጣ ነበር፣ በሩን ግን የቆመ ሰው ዘግቶታል። ዞር ሲል ፊቱን ሁላችንም አየነው። እያለቀሰ ነበር። ሳል አይደለም፣ አስም አይደለም፣ እንባ ነው። ሳቁ አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰ። አባቴ ብቻ ሳቁን አቆመ።

እኔ በሆዴ "በለው" እላለሁ። ይወድቃል በለውና ቤታችን እንግባ። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ በል፣ አባዬ!

አባቴ ብርጭቆዎቹን አስቀመጠ። "በየትኛው ጓንት?" አለ። "በፈለጉት!" አሉት። "እንግዲህ ስሙ" አለና ጀመረ። የመጀመሪያው ዙር የእኔ ነው አለ፤ እኔ ፈጣን ነበርኩ። ሁለተኛውም የእኔ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ክንዱ ይረዝምብኛል፣ ልጠጋው አልችልም፣ በግራው እየጠበቀ ዓይኔን ያሳብጠዋል። አምስተኛው ላይ እግሬ ይከዳኛል። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። "ስድስተኛው ላይ በዝረራ ያበቃል" አለ።

"ማን ነው የሚዘረረው?" አለ ሾፌሩ።

"እኔ ነኛ! ቆጥረው ይጨርሱብኛል እንጂ አልነሣም።"

ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ወንድሜ ግን፣ ወይ አምላኬ፣ ወንድሜ ፈገግ አለ። እንባው ጉንጩ ላይ እያለ። ከተወለደ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ጥግ ላይ ድራፍቱን ይዞ ተቀምጧል። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ሃምሳ አለቃ፣ አስም ያለበት ሰው ስድስተኛ ዙር ይደርሳል እንዴ?" አለ።

የአባቴ ፊት አመድ ሆነ። "ጨዋታ ነው፣ ጓድ" አለ።

"እርስዎ በዚህ ነገር ተጫውተው አያውቁም" አለው ሊቀመንበሩ። ድራፍቱን ጨርሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

እናቴ ስትሰማ የሆነችውን አልጽፈውም። ወደ ወሎ ዘመድ ጋ እንስደደው አለች፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጫ የለም። በነጋታው ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች መጡ። ወንድሜ ሹራቡን አልለበሰም፤ በሸሚዝ ብቻ ቀጥ ብሎ ወጣላቸው። እናቴ አባቴን ደረቱን እየደበደበች "ከጠላቴ ጋር ነው ለካ የኖርኩት!" አለችው። እሱ እጁን አላነሣም። ዝም ብሎ ተመታላት።

ከፍተኛው ግቢ ውስጥ ቀናት አቆይተው ሊጭኗቸው ሲሉ በሶና ጭኮ ይዘን ሄድን። አጥሩ ሽቦ ነው፣ እናቶች እየተጋፉ ይጮኻሉ። ወንድሜ ራሱን ተላጭቶ መጣ፤ ጆሮው ትልቅ ሆኖ ይታያል። የእናቴን እጅ ሳመ፣ የእኔን ጉንጭ በሽቦው ቀዳዳ ነካ፣ ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

"አባዬ፣ ያልከው እውነትህን ነው?"

"በዚህ ነገር ዋሽቼ አውቃለሁ?" አለው አባቴ።

ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል የሚስቅ እሱ ብቻ ነበር። ጠሯቸው፣ ሮጦ ሄደ። መኪናው ላይ ሲወጣ የማንንም እጅ አልፈለገም።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። አባቴ ክበብ መሄድ ተወ፤ ለስብሰባ ይመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ይወጣል። እናቴ አንድ ቤት ውስጥ እየኖረች አታናግረውም፤ ምግቡን አቅርባ ፊቷን ታዞራለች። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ፈሰሰ። እኛም በር በሩን እናያለን። አንድ ቀን ክራንች የያዘ ልጅ በራችንን አንኳኳ። የሃምሳ አለቃ ቤት ይሄ ነው ወይ አለ። ገና ሲቀመጥ አወቅን። ወንድሜ ሰሜን ላይ ከሞተ ቆይቷል፤ አጠገቡ ነበርኩ አለን። "አባቱን በስድስተኛ ዙር እንደሚዘርር ሲያወራ አይጠግብም ነበር" አለን ደግሞ፤ ለማጽናናት መሆኑ ነው። "ጓዶቹ ሁሉ በቃላችን እናውቀው ነበር።" አባቴ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ።

ለቅሶው አለፈ፣ አርባውም አለፈ። የእድሩን ወንበሮች ለመመለስ ግቢ ውስጥ ስንደረድር እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። አንዱን ወንበር አንሥቶ መልሶ አስቀመጠውና ተቀመጠበት።

"አይጥለኝም ነበር" አለ።

"ማን?"

"ወንድምሽ። ሁለተኛው ዙር ላይ እዘርረው ነበር። ሦስተኛውን አያይም።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደሜ ራሴ ላይ ወጣ። "ታዲያ ለምን አልክ?" ብዬ ጮኽኩበት። "እውነቱን ብትናገር ኖሮ ቤቱ ነበራ! እውነቱን ብትናገር!"

"ሲያለቅስ አየሁታ" አለ።

ብዙ ተናገርኩት። አባት የማይባለውን ሁሉ አልኩት። እሱ አልሰማኝም መሰለኝ፤ ግራ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ይመለከታታል።

"መትቶ እጁን ሲመልስ ይዘገይ ነበር" አለኝ። "አገጩ ባዶ ይቀራል። ልጁ ሁሉ ነገር ነበረው፣ ይቺ ብቻ ናት የጎደለችው። አንድ ክረምት ቢሰጡኝ አስተካክልለት ነበር።" እጁን ወደ አገጩ መለሰ፣ እንደገና ዘረጋ፣ እንደገና መለሰ። "እንዲህ" አለ። "እዪው፣ እንዲህ ብቻ ነበር የቀረው።"